ሁለት መዝገብ በመለያ ቁጥር ስለ ማጋጠም

የእርሻን ሥራ የሚመራ የወረዳ ሹም ከሚያገላብጣቸው መዛግብት መካከል ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ይኖራሉ፤ ይኸውም አንደኛው የመሬት ይዞታ መዝገብ፥ ሁለተኛውም የግብር መዝገብ ነው። የይዞታው መዝገብ ማሳውን ቆጥሮ ባለ ይዞታውን ይጽፋል፤ የግብሩ መዝገብ ግን ሰውን ቆጥሮ ገንዘቡን ይጽፋል። የትኛው ማሳ እንደ ተገበረበት፥ የትኛውም እንዳልተገበረበት ለማወቅ የፈለገ ሹም ሁለቱን መዝገብ በስም ብቻ ቢያጋጥማቸው ሥራው ቶሎ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ግብሩን የከፈለው ገበሬ አልከፈልክም ይባላል። ባልዋ የሞተባትም ሴት በይዞታው መዝገብ ስሟ ከባልዋ ስም ጋር ተጽፎ ሳለ፥ በግብሩ መዝገብ የሚገኘው የሟቹ ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ በገዛ መሬቷ እንደ እንግዳ ሰው ትጠየቃለች። ማዳበሪያም በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል የሚታደለው በስም ዝርዝር ሲሆን ያው ስሕተት ክረምት ሲገባ ይደገማል፤ የዘር ጊዜ ደግሞ መዝገብ እስኪታረም አይጠብቅም።

ለዚህ ነገር ዓለም ከተማን በምሳሌ መውሰድ ይበቃል። ዓለም ከተማ የመርሐ ቤቴ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፥ ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ የሚመጣው መንገድ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ይደርስባታል። በእንዲህ ያለ ገደላማ አገር የአንድ ገበሬ ማሳ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አይገኝም፤ አንዱ ከቤቱ አጠገብ፥ ሌላው ከተዳፋቱ በታች፥ ሦስተኛውም ከወንዙ አፋፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ስም ብዙ ማሳ ይጻፋል። አሁን በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ማሳ ቢኖራቸው፥ የይዞታው መዝገብ 6 መስመር፥ የግብሩ መዝገብ 2 መስመር ይይዛል። ሁለቱ በስም ሲጋጠሙ ግን የሚወጣው 12 መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ማሳ ለሁለቱም ሰዎች ተጽፏልና። መኪናው አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ማጋጠም የሚባለው ከአንዱ ሰንጠረዥ አንድ መስመር አንሥቶ፥ በሌላው ሰንጠረዥ ያንኑ ቁልፍ ከያዘው መስመር ጎን ማኖር ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የሰንጠረዦችን ሥርዓት ከገለጸ ወዲህ በኮምፒዩተር የሚያዙ መዛግብት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ቁልፍ ማለትም አንዱን ነገር ከሌላው የሚለይ፥ የማይደገም መለያ ነው።

ስም ቁልፍ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት የስም መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ የፊደሉም ጠባይ ነው። ሀ፥ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ቢሆኑም፥ በኮምፒዩተር ዘንድ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው ልዩ ፊደል ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ብቻ ማስላት ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል በ6 ዓይነት፥ ሥ በ2 ዓይነት፥ ሴ በ2 ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል 24 አጻጻፍ ይሆናል። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ወይም ተጋጥመው ሲጻፉ 48፥ ኃ/ሥላሴ ተብሎ በአጭሩ የሚጻፈው ሲጨመር 72 ይሆናል። ጸሓፊው ሁሉ ትክክል ጽፌአለሁ ይላል፤ መኪናው ግን 72 ሰው ያያል። የአገሩም ስም ቢሆን መርሐ ቤቴ፥ መርሃቤቴ፥ መራቤቴ እየተባለ ይጻፋል።

የቦታም ስም ብቻውን አይታመንም። መርሐ ቤቴ ቀድሞ አውራጃ ነበረ፥ ዛሬ ግን ወረዳ ነው፤ ስለዚህ በአሮጌው ወረቀት መርሐ ቤቴ የተባለው ሁሉ ከዛሬው ወረዳ አይደለም። ሰሜን ሸዋ የሚባልም ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ሆኖ ከተማው ደብረ ብርሃን፥ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ሆኖ ከተማው ፍቼ ነው። በስታቲስቲክስ አቆጣጠር የአማራ ክልል 03፥ የኦሮሚያ ክልል 04 ተብለው ስለ ተቈጠሩ፥ ቁጥሩ ከስሙ በፊት የተጻፈ እንደ ሆነ ሁለቱ ዞኖች አይደባለቁም።

ስለዚህ መሠረቱ የማሳው መለያ ቁጥር ነው። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ መታደል የጀመረው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ማሳውን በአዋሳኞቹ ስም ይገልጽ ነበር፤ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ለእያንዳንዱ ማሳ ካርታና መለያ ቁጥር ሰጥቷል። መለያው ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚሄድ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ክፍል ቀበሌው፥ በኋለኛው ክፍል ማሳው ይታወቃል። ለትምህርት ያህል በ7ኛው ቀበሌ ያለው የመጀመሪያው ማሳ 07/1 ተብሎ ተጽፏል እንበል።

የሚያስቸግረው ሁለቱ መዝገብ ቁጥሩን አስተካክለው የማይጽፉ ሲሆን ነው። አባት ሞቶ ማሳው ለሦስት ልጆች ሲከፈል ግብር ሰብሳቢው 07/1/ሀ፥ 07/1/ለ፥ 07/1/ሐ ብሎ ይጽፋል፤ በይዞታው መዝገብ ግን ገና 07/1 ብቻ ይገኛል። ቁልፎቹ እኩል ስላልሆኑ በእኩልነት ቢፈለጉ አይጋጠሙም። ስለዚህ ኤስ.ኪው.ኤል. በሚባለው የመዝገብ ቋንቋ «ላይክ» በተባለው ትእዛዝ በመልክ ይፈለጋሉ። በዚህ ትእዛዝ % ማለት ከዚህ በኋላ የፈለገው ይምጣ፥ ምንም ባይኖርም ይሁን ማለት ነው፤ _ የሚለው ሰረዝ ደግሞ በዚህ ስፍራ አንድ ፊደል ብቻ ይግባ ማለት ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጸሓፊው 07/1% ብሎ ቢያዝዝ የ1 ቁጥር ማሳ ክፍሎች ብቻ የሚመጡለት ይመስለዋል። ነገር ግን 07/10ም፥ 07/115ም በ07/1 ይጀምራሉ። በቀበሌው ከ1 እስከ 1000 የተቈጠረ ማሳ ቢኖር፥ ሳይከፈሉ የቀሩት ብቻ ቢቈጠሩ እንኳ በዚህ ትእዛዝ የሚመጡት 112 ናቸው፤ ይኸውም 1፥ ከ10 እስከ 19፥ ከ100 እስከ 199፥ እና 1000 ነው። የ111 ሰው ማሳ ከአንድ ሰው ስም ሥር ይገባል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሁለቱም መዝገብ ከቁጥሩ መጨረሻ አንድ ሰያፍ መስመር ጨምሮ 07/1/% ብሎ መፈለግ፥ ወይም ቁጥሩን ሁሉ በእኩል ርዝመት 07/00001 እያሉ መጻፍ ነው። በመለያው ውስጥ _ የሚለውን ሰረዝ መለያያ አድርጎ የተጠቀመ ጽሕፈት ቤት ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ «ላይክ» ያንን ሰረዝ እንደ ማንኛውም ፊደል አድርጎ ያየዋልና።

በቦታ ስም መፈለግም ያው ነው። መንዝ% ተብሎ ቢፈለግ መንዝ ጌራ ምድር፥ መንዝ ማማ ምድር፥ መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ይመጣሉ፤ ቀድሞ በአንድ አውራጃ ከመንዝ ጋር የነበረው ግሼ ግን ይቀራል። የጎደለው እንደ ተረፈው ጎልቶ ስለማይታይ ይህኛው ስሕተት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። የስሞችን አጻጻፍ ለማስተካከል ሐ እና ኀን ሁሉ ወደ ሀ፥ ሠን ሁሉ ወደ ሰ መለወጥ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ይህ ለስም እንጂ ለቁልፍ አይሠራም። የማሳ ክፍልፋይ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ እየተባለ ሲቈጠር ሐ ሦስተኛው ልጅ ነው። ሐ ወደ ሀ የተለወጠ እንደ ሆነ የሦስተኛው ልጅ ድርሻ ለታላቁ ይጻፋል፤ ሠ እና ሰም ቢደባለቁ አምስተኛውና ሰባተኛው አንድ ይሆናሉ። በወንድማማች መካከል በጽሕፈት ምክንያት ክርክር የሚነሣው እንዲህ ነው።

ቁጥሩ በኤክሴል የተያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ነው ተብሎ ይታዘዝ። ይህ ካልሆነ 0305 የተጻፈው 305 ይሆናል፤ 3/12 የተጻፈውም የማሳ ቁጥርነቱ ቀርቶ ወደ ቀን መቁጠሪያ ይለወጣል። ከተለወጠ በኋላ የፊተኛውን መልክ ማስመለስ ከመጀመሪያው መጠንቀቅ እጅግ የከበደ ነው።

ሥራው ሲጀመር የሁለቱም መዝገብ መስመር ይቈጠር፤ ከተጋጠመ በኋላም እንደ ገና ይቈጠር። ከግብሩ መስመር የበለጠ መስመር ከወጣ መልኩ ልቅ ሆኗል፤ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ጠቧል። የተጋጠሙትን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከየመዝገቡ ብቻቸውን የቀሩት በሁለት ዝርዝር ተለይተው ይውጡ። ከአንድ በላይ የተጋጠሙትም በሦስተኛ ዝርዝር ይጻፉ። እነዚህን መኪናው እንዲፈርድባቸው መተው አይገባም፤ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ተልከው ባለ ይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ይነበቡ። የሟች ባልዋ ስም በግብሩ መዝገብ የቀረባት ሴት ነገሯ የሚቀናው በዚህ ጊዜ ነው፤ ኮሚቴው ማሳውን ያውቀዋል፥ ቁጥሩም ከደብተሯ ላይ ይገኛል።

ኮሚቴው ያረጋገጠው በአንድ ማገናኛ ሰንጠረዥ ይጻፍ፤ በእርሱም ላይ የይዞታው ቁጥር፥ የግብሩ ቁጥር፥ ያረጋገጠው ሰውና ቀኑ ይስፈሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መዝገብ በእኩልነት ይጋጠማሉ፤ «ላይክ»ም ለአዲስ ነገር መመርመሪያ ብቻ ይቀራል። ማሳ ሲከፈል ክፍልፋዩ በዚሁ ሰንጠረዥ በዕለቱ ይግባ፤ የቀረውም ቁጥር ለሌላ ማሳ ዳግመኛ አይሰጥ።