የዛገ የመኪና ላሜራ አስተዳደስ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ ክረምቱ በግንቦት ገብቶ እስከ መስከረም ሲያዘንብ የሚከርም ስለ ሆነ፣ ከከተማዪቱ ወደ ኡኬና ወደ አንገር ጉትን ቆላ ወርዶ የሚመለስ መኪና ሁሉ የወለጋን ቀይ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ ተሸክሞ ይገባል፤ ይህም ጭቃ ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ እርጥበቱን ይዞ ስለሚሰነብት ብረቱን በስውር ይበላዋል። ወንጌል ብልንና ዝገትን በአንድ ስፍራ የጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚፈጽሙት ባለቤቱ ሣጥኑን ዘግቶ በተማመነበት ሰዓት ነውና። ስለዚህ ዝገት ከቀለም ማነስ ሳይሆን ከውሃ መተላለፊያ መደፈን የሚነሣ ደዌ መሆኑን አስቀድሞ ያላስተዋለ ሠሪ፣ በቁስሉ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቢያሳምረው እንኳ የሚመጣው ክረምት ሐሰቱን ይገልጥበታል።

ለሥራው የሚስማማው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። መሣሪያዎቹም ማግኔት፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር፣ የላሜራ መቀስ፣ መዶሻ፣ የብየዳ መሣሪያ፣ ከ80 እስከ 800 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ስቱኮ፣ ቲነርና ሰም ናቸው፤ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛም ከመሣሪያ ሁሉ ይቀድማሉ።

አንደኛ፤ መመርመር። ላሜራው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ በፓራፋንጎው ቅስትና በወለሉ ጥግ ላይ በቀስታ ይዙር፤ ማግኔቱ የሚለቅበት ስፍራ የቀድሞ ሠሪ ወፍራም ስቱኮ የሸሸገበት ነው። በአሮጌ ላንድ ሮቨር ላይ ግን ይህ ምርመራ ያሳስታል፤ ፋብሪካው በ1948 እ.ኤ.አ. መኪናውን ለገበያ ሲያወጣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት አጥሮት ስለ ነበር የውጭ አካሉን አብዛኛውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠርቶታልና። በእርሱ ዝገት የሚፈለገው በሻንሲውና በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ነው፤ አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት መጋጠሚያም አሉሚኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ሲለወጥ ይታያል።

ሁለተኛ፤ እስከ ብረቱ መግፈፍ። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ ምንጣፉና ወንበሩ ይውጡ። ከዚያም ዝገቱ ከሚታይበት ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ፣ ጤነኛ የሚመስለው ቀለም ሳያሳሳ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ይገፈፍ፤ ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ስፍራ የሚይዝ በመሆኑ ቀለሙን ከሥር እያነሣ ይሄዳልና። የተገለጠውን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ መጫን የፍርዱ መለያ ነው፤ ጠንክሮ ከቆመ ይጸዳል፤ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦርቡሮ በቀዳዳዎቹ ዝገት ከቀረበት ዝገቱን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለውጥ ፎስፎሪክ አሲድ ይቀባል፤ ካቻቢቴው ከበሳው ግን መቆረጥ አለበት።

ሦስተኛ፤ መቁረጥና መበየድ። የተበሳው ስፍራ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ፤ ማዕዘኑም ክብ ይሁን። መጣፊያው ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚስተካከል፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ነው። ይህን ስስ ላሜራ የኤሌክትሮድ ብየዳ በቀላሉ ስለሚበሳው፣ ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይደው መሣሪያ ይመረጣል፤ አያያዙም በተርታ ሳይሆን አንዱን ነጥብ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላውን ከዚያ ጫፍ እያራራቁና እያቀዘቀዙ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ላሜራ ይጣመማልና። መጣፊያው የቤት ክዳን ቆርቆሮን ከመሰለ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ፣ ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያመጣ ዚንኩ ከብየዳው ስፍራ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ከዚህ ሕመም ወተት መጠጣት አያድንም። የነዳጅ ታንከሩ ቅርብ ከሆነ ሳይወጣ ብየዳ አይጀመር።

አራተኛ፤ ማስተካከል። ብየዳው ተሞርዶ በቲነር ከጸዳ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባና ይድረቅ፤ ስቱኮ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ማጠንከሪያ ይበቃል፤ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ያልተቀባ ስቱኮ ውሃ ስለሚመጥጥ በ80፣ ቀጥሎም በ180ና በ320 ቁጥር ወረቀት በደረቁ ይፈግፈግ።

አምስተኛ፤ መቀባት። ፕራይመር የተባለው የሥር ቀለም ከተረጨና ከደረቀ በኋላ በ600ና በ800 ቁጥር ወረቀት በውሃ ይለስልስ፤ የመጨረሻው ቀለም በአንድ ወፍራም ንብርብር ሳይሆን በስስ ንብርብር እየተደጋገመ ይረጭ።

ስድስተኛ፤ የውሃውን መንገድ መክፈት። በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች በጭቃና በስቱኮ ተደፍነው ከሆነ ይከፈቱ፤ ይህ ሳይፈጸም ያለፈው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙዎች ከሥሩ የሚቀቡት የተቃጠለ ዘይት በዝናብ ታጥቦ አፈሩን ያቆሽሻል፤ ጎማ ነክ ክፍሎችንም ያበላሻል። ወለጋ የማር አገር ናትና፣ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ፣ ከንጹሕ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ቀዳዳዎቹን ሳይደፍን በበሩ ውስጥ ቢቀባ የበለጠ ይጸናል።

በመጀመሪያው የግንቦት ዝናብ ማግስት ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ታችኛውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በጣቱ ይዳስስ። ውሃው በቀዳዳው ወርዶ ካለቀ ሥራው ተፈጽሟል፤ ተቋጥሮ ካገኘው ግን ቀለሙ ምንም ያህል ቢያበራ እንደገና ከስድስተኛው ይጀምር።