መስተዋትን የሚሰብረው ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ውሃን አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ በማቀዝቀዝ የማጣራት ሙከራ ሠርተን እንደ ጨረስን ደወል ተደወለ። የዕለቱ ዕቃ አጣቢ እኔ ነበርሁ። ለምሳ ቸኩዬ ስለ ነበር ገና ትኩስ የሆነውን ክብ ፍላስክ አንሥቼ ከቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዝሁት። ወዲያው ጧ አለና ሆዱ ለሁለት ተከፈለ። በላቦራቶሪያችን የነበረው እንዲህ ያለ ፍላስክ እርሱ ብቻ ነበረ። አባቴ ዋጋውን ለመክፈል ፈቃደኛ ቢሆንም ምትኩን ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ ከእኛ በኋላ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ክፍሎች ሙከራውን ያዩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ብቻ ነው።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን አልተቈጡኝም። ስብርባሪውን ሰብስበው በካርቶን ካስቀመጡ በኋላ «ለመሆኑ ለምን እንደ ተሰበረ ታውቃለህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በክረምቱ ዕረፍት በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ የመሄድ ዕድል አገኘሁ። እኛ ዝናብ በሚያይልብን በሐምሌና በነሐሴ እነርሱ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ተማሪዎቻቸውም የዕረፍቱን ወራት በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ወርክሾፕ ያሳልፋሉ። አክስቴም ሥራ ፈትቼ ቤት እንድውል አልወደደችምና «የኔ ልጅ፣ ምን መማር ትፈልጋለህ?» አለችኝ። መስተዋት መሥራት እንደምፈልግ ስነግራት ሳቀች፤ ነገር ግን አፈላልጋ ወጣቶችን በሚያስተምር አንድ ትንሽ ወርክሾፕ አስመዘገበችኝ። ሁለት ሳምንት በምድጃ መስተዋት መንፋትን፣ አንድ ሳምንት ደግሞ በነበልባል መሥራትን ተማርሁ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ መስተዋት ጥቂት ልናገር። ዘመናቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ተራ መስተዋት የሚሠራው በተለይ ከሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ናቸው። ንጹሕ አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል። ሶዳው በአነስተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ ኖራው ደግሞ ውሃ እንዳያሟሟው ያጸናዋል። ሰዎች መስተዋት መሥራት ከጀመሩ ከ4000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቧንቧ ይዞ በእስትንፋስ መንፋት ግን የተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጥኤም አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታት ጌጥ የነበረው ዕቃ ከዚያ ወዲህ ለተራው ሰው ማዕድ ደረሰ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በአንድ የግሪክ ነጋዴ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዓይነቶችን ይቈጥራል። እንግዲህ አባቶቻችን መስተዋትን ካወቁት ቈይተዋል ማለት ነው።

በኢጣልያ የቬኒስ መንግሥት በ1291 የመስተዋት ምድጃዎች ከከተማው ወጥተው በሙራኖ ደሴት እንዲሆኑ አዘዘ፤ ቤቶቹ በእሳት እንዳይያያዙ ፈርቶ ነው። ሥራውም ለብዙ ዘመን በፋብሪካና በባለሙያ ቤተ ሰቦች እጅ ብቻ ቈየ። በ1962 ሃርቪ ሊትልተን የተባሉ መምህር ከዶሚኒክ ላቢኖ ጋር ሆነው በኦሃዮ በቶሌዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሰው በትንሽ ምድጃ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ወርክሾፖች አካሄዱ። በ1971 ደግሞ የታኮማ ተወላጅ የሆነው ዴል ቺሁሊ ከሲያትል በስተ ሰሜን በጫካ ውስጥ ፒልቸክ የተባለውን የበጋ የመስተዋት ትምህርት ቤት ከረዳቶቹ ጋር መሠረተ። በዚያ አካባቢ እንደ እኔ ያለ ጀማሪ የሚገባበት ወርክሾፕ ለመብዛቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መስተዋት አልነካንም። ወለል መጥረግንና ደንብን ተማርን። ናይሎን ቀልጦ በሰውነት ላይ ስለሚጣበቅ ልብስ የጥጥ፣ ጫማም ዝግ መሆን አለበት። መነጽር አይወልቅም። ከሁሉ በላይ ግን የወርክሾፑ መምህርት ደጋግመው ያስጠነቀቁን «ትኩስ መስተዋትና ቀዝቃዛ መስተዋት መልካቸው አንድ ነው» በማለት ነበር። መስተዋት ቅላቱ ከጠፋ በኋላም ሥጋን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከመያዛችን በፊት ሳንነካው የእጃችንን ጀርባ ቀረብ አድርገን ሙቀቱን እንድንለካ አዘዙን።

በሁለተኛው ቀን ሥራ ጀመርን። በምድጃው ውስጥ ያለው መስተዋት ሙቀቱ 1100 ዲግሪ ያህል ሲሆን ወፍራም ማር ይመስላል። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆነው የብረት ቧንቧ ጫፉ ከሞቀ በኋላ ወደ ቀለጠው መስተዋት ገብቶ ማር በእንጨት እንደሚጠቀለል ይጠቀልላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቧንቧውን ማዞር ማቋረጥ የለም፤ ካቋረጡ መስተዋቱ ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። ቀጥሎ በብረት ጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ ይስተካከላል፤ ከዚያም ጥቂት ተነፍቶ የቧንቧው አፍ በአውራ ጣት ይደፈናል። እኔ በኃይል የሚነፋ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ታፍኖ የቀረው አየር በሙቀቱ ራሱ ስለሚለጠጥ ትንሽ አረፋ በገዛ እጁ ብቅ ይላል። አረፋው ዳግመኛ በመስተዋት ይለበሳል። ውሃ በጠጣ እንጨት ወይም ታጥፎ በረጠበ ጋዜጣ እየተደገፈም ክብ ይሆናል። ጋዜጣውን በመዳፌ ይዤ ትኩሱን መስተዋት ስደግፍ እጄ ያልተቃጠለው እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ በመካከል ስለሚቆም ነው። አንገቱ በትልቅ ጉጠት ይጠብቃል፤ ቧንቧው ወደ ታች ሲወዛወዝ ደግሞ ይረዝማል። በመጨረሻ የዕቃው ቂጥ ከሌላ ብረት ዘንግ ጋር ይጣበቅና ከቧንቧው ይላቀቃል፤ አፉም ዳግመኛ ሞቆ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራም። አንዱ ሲያዞር ሌላው ይነፋል፤ ሌላው በር ይከፍታል። ቺሁሊ በ1976 በመኪና አደጋ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ካጣ፣ በ1979ም ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ቧንቧውን ለሌሎች ትቶ እየመራ በማሠራት ታላላቅ ሥራዎችን ሊፈጽም የቻለው ሥራው የኅብረት ስለ ሆነ ነው።

መምህርቷ ምን መሥራት እንደምፈልግ በጠየቁኝ ጊዜ አክስቴ ከአገር ቤት የወሰደቻትን ብርሌ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና «ይህማ የላቦራቶሪ ፍላስክ ነው!» አሉ። እውነትም ክብ ሆድና ረጅም አንገት ያላት ብርሌ እኔ የሰበርሁትን ዕቃ ትመስል ነበር። የመጀመሪያዋ ብርሌዬ ማዞሩን ስላቋረጥሁ ጐባጣ ሆነች። ሁለተኛዋ ከዘንጉ ወልቃ ወለል ላይ ወደቀች። ሦስተኛዋ ግን አማረችልኝ። የቀረኝ አፏን አሙቆ ወደ ማብረጃው ምድጃ ማግባት ብቻ ነበር። እኔ ግን «እዩልኝ!» እያልሁ ለጓደኞቼ ሳሳይ ከእሳት አርቄ አቈየኋት። ጧ አለች። ድምፁን አወቅሁት፤ ያው የትምህርት ቤታችን ፍላስክ ድምፅ ነበረ።

በዚያን ጊዜ መምህርቷ ሁላችንንም ሰብስበው መልሱን በሥራ አሳዩን። ከቀለጠው መስተዋት አንድ ጠብታ በባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ጠብታው ቀጭን ጅራት ያለው እንባ መስሎ ረጋ። በመከለያ ውስጥ አድርገው ወፍራሙን ራሱን በመዶሻ መቱት፤ አልተሰበረም። ቀጭኑን ጅራቱን በጉጠት ቈረጥ ሲያደርጉት ግን ጠብታው በሙሉ ዱቄት ሆነ። ይህ ጠብታ በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝ ባመጣው በልዑል ሩፐርት ስም ይጠራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መስተዋት በአብዛኛው ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይኰማተራል። ሙቀትን ቶሎ ስለማያስተላልፍ ግን በድንገት ሲበርድ የውጩ ቆዳ ቀድሞ ይኰማተራል፤ ውስጡ ገና ትኩስና የተለጠጠ ነው። ቆዳው ለውስጡ እንደ ጠበበ ልብስ ይሆንበትና ይተረተራል። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት የሚሰነጠቀውም እንዲሁ ነው። ወዲያው ባይሰነጠቅ እንኳ ችኮላው በውስጡ ውጥረት ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠብታውን ዱቄት ያደረገው ይኸው ውጥረት ነው። ስለዚህ የተሠራው ዕቃ 500 ዲግሪ ያህል ወደሚሞቅ ሌላ ምድጃ ይገባል። ስሙ ምድጃ ቢሆንም ሥራው ማብረድ ነው። ዕቃው በዚያ ውጥረቱ እስኪለቅቅ ይቈይና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ይበርዳል። አራተኛዋን ብርሌ ሳልዘገይ አገባኋት፤ በማግሥቱ አንገቷ ጠማማ ሆና በደኅና ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት በጠረጴዛ ላይ በተተከለ የፕሮፔንና የኦክሲጅን ነበልባል የመስተዋት ዘንግና ቱቦ እያለሰለስን መሥራት ተማርን። በመስተዋቱ ያለው ሶዲየም በእሳት ውስጥ ብርቱ ቢጫ ብርሃን ስለሚሰጥ ይህን ብርሃን የሚከላከል ዲዲሚየም የተባለ መነጽር እናደርግ ነበር። የመስተዋት ዘር ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ያወቅሁት በዚህ ነው። አንድ ሜትር ተራ መስተዋት በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ 9 እጅ ያህል ይረዝማል። ቦሮን የተጨመረበት ቦሮሲሊኬት ግን 3 እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህንን ዓይነት በጀርመን አገር በዬና ከተማ ኦቶ ሾት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሠራው፤ የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያም በ1915 ፓይሬክስ በሚል ስም ለማእድ ቤት ሸጠው። ሁለቱን ዓይነቶች አጣብቆ መሥራት አይቻልም፤ አኰማተራቸው ስለሚለያይ ሲበርዱ ይላቀቃሉ።

ከአገሬ እንደ ተመለስሁ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ያን ካርቶን አወጡልኝ። አንዱን ስባሪ በቡንሰን በርነር ቀስ እያልን ብናሞቀው ቶሎ ለሰለሰ፤ እንግዲህ ተራ መስተዋት ነበረ ማለት ነው። ቦሮሲሊኬት ቢሆን ኖሮ በላቦራቶሪያችን ነበልባል እንዲህ በቶሎ አይለሰልስም ነበር። አዲስ ፍላስክ ልሠራ እንደማልችል ነገርኋቸው፤ ለዚያ የኦክሲጅን ነበልባል፣ ማብረጃ ምድጃና የብዙ ዓመት ልምድ ያሻል። ነገር ግን አክስቴ የገዛችልኝን አንድ እስር የተራ መስተዋት ቱቦ ይዤ መጥቼ ነበርና በርሱ ልንሠራ የምንችለው ነገር ነበረ።

አሠራሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ቱቦው በሞረድ አንድ ጊዜ ይጫራል፤ ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭረቱን ወደ ውጭ በማዞር ሁለቱ አውራ ጣቶች ከጭረቱ ጀርባ ሆነው ይገፉታል። ሁለተኛ፣ ስለታም ጫፉ በነበልባል ውስጥ እየዞረ እስኪለዝብ ድረስ ይያዛል። ሦስተኛ፣ ለማጠፍ ሰፋ ባለ ነበልባል ላይ ያለ ማቋረጥ እያዞሩ በራሱ ክብደት ጐንበስ እስኪል መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ከእሳቱ አውጥቶ በቀስታ ማጠፍ። አራተኛ፣ ቀጭን መንጠባጠቢያ ለመሥራት ከለሰለሰ በኋላ ከእሳት አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ መሳብ። አምስተኛ፣ የተሠራውን በቀዝቃዛ ብረት ወይም በእርጥብ ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አለማስቀመጥ። ስድስተኛ፣ ከበረደ በኋላ በላስቲክ ቡሽ ሲገባ ቱቦውን በውሃ አርጥቦ፣ እጅን በጨርቅ ሸፍኖ፣ እየዞሩ በቀስታ ማስገባት። ይህ ሁሉ መነጽር አድርጎ በአስተማሪ ፊት ብቻ የሚደረግ ነው።

በሁለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ 22 መንጠባጠቢያና 9 የታጠፉ ቱቦዎች ሠራን፤ ሰባት ያህል ቱቦም ሰበርን። ከዚያ አንዱን የታጠፈ ቱቦ በሾጣጣ ፍላስክ ቡሽ ላይ ሰካን፤ ሌላውን ጫፍ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ቆመ የሙከራ ቱቦ አገባን። ጫፉ በሚሰበሰበው ውሃ ውስጥ እንዳይጠልቅና የሙከራ ቱቦውም አፉ ክፍት እንዲሆን ተጠነቀቅን። በፍላስኩ ያለው ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ነበረ። እኔ በሰበርሁት ዕቃ ምክንያት ሙከራው የቀረባቸው የሁለቱ ክፍል ተማሪዎች ዙሪያውን ቆመው ያዩ ነበር። ውሃው ፈላ፤ እንፋሎቱ በቱቦው አለፈ፤ የመጀመሪያዋም ጠብታ ጠራ ብላ ወረደች። ከኋላ የነበረ አንድ ልጅ «ቀለሙ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪያችን ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም መለስሁለት።

ጠማማዋ ብርሌ ለአያቴ ተሰጥታለች፤ እርሷም ጠጅ ሳይሆን አበባ ታደርግባታለች። እናንተ ወንድሞቼና እኅቶቼ ግን የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የላቦራቶሪ ዕቃ ስታጥቡ ደወል ቢደወልም እስኪበርድ ጠብቁ። የቱቦ ሥራውን መማር የሚወድ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በላቦራቶሪው ያገኘናል፤ የጥጥ ልብስና ዝግ ጫማ ይዞ ይምጣ።