በእንግሊዝኛ ለአዎንታዊና ለአሉታዊ ዓረፍተ ነገር ስምምነትን መግለጽ፦ ከአማርኛ ጋር የተደረገ አጭር ንጽጽር

የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ለሚከላከል ተማሪ «መረጃውን አልለወጥክም?» የሚል ይዘት ያለው አሉታዊ ጥያቄ ቀረበለት እንበል። ተማሪው የአማርኛውን «አዎ፣ አልለወጥኩም» በልቡ ይዞ «የስ» ብቻ ብሎ ቢያበቃ፣ ፈታኙ «ለውጫለሁ» እንዳለ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ስሕተትና ከአሉታዊ ንግግር በኋላ «ሚ ቱ» የማለት ልማድ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል።

በአማርኛ «ቡና እወዳለሁ» ላለ ሰው «እኔም» ብሎ መስማማት ይቻላል፤ «ቡና አልወድም» ላለውም መልሱ ያው «እኔም» ነው። በሁለቱም ስምምነቱን የሚሸከመው በተውላጠ ስሙ ላይ የታከለው ምዕላድ «-ም» ነው። በ«አልወድም» መጨረሻ ያለው «-ም» ግን የአፍራሽ ግስ ቅርጽ አካል በመሆኑ ከዚህ ይለያል። እንግሊዝኛ በአንጻሩ ሁለት መንገድ አለው፦ ለአዎንታዊው «ሶ ዱ አይ» ወይም «አይ ዱ ቱ»፣ ለአሉታዊው «ናይዘር ዱ አይ» ወይም «አይ ዶንት አይዘር» ይባላል።

«ሶ» እና «ናይዘር» በመልሱ መጀመሪያ ሲመጡ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ «ቱ» እና «አይዘር» መጨረሻ ላይ ሲውሉ ግን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። «ናይዘር» በራሱ አፍራሽ ስለሆነ ግሱ ዳግመኛ አይፈርስም። ረዳት ግሱም የመጀመሪያውን ተናጋሪ ግስ ይከተላል፦ «ካን» ያለውን «ሶ ካን አይ»፣ ኃላፊ ጊዜ የተጠቀመውን «ሶ ዲድ አይ» ይመልሱለታል። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ትርጉም ይለውጣል፤ «ሶ ኢት ኢዝ» ማለት «እውነትም ነው» እንጂ «ያም እንዲሁ ነው» ማለት አይደለም።

አንድ ዓረፍተ ነገር አሉታዊ መሆኑ የሚታወቀው «ኖት» በመኖሩ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ክሊማ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝኛ አፍራሽነት ባሳተመው ጥናት፣ «ናይዘር»ን የሚቀበል ዓረፍተ ነገር አሉታዊ መሆኑን እንደ መፈተሻ ተጠቅሞበታል። በዚህ መሠረት «ሴልደም» ወይም «ሃርድሊ» ያለበት ዓረፍተ ነገር «ኖት» ሳይኖረው «ናይዘር»ን ይወስዳል። «አንሃፒ» ግን ትርጉሙ አሉታዊ ቢመስልም አፍራሽነቱ በቃሉ ውስጥ ስለሚቀር፣ «አይ አም አንሃፒ» ላለ ሰው መልሱ «ሶ አም አይ» ነው።

ይኸው ልዩነት በ«አዎ» እና በ«የስ» መካከልም ይታያል። የአማርኛው «አዎ» ጠያቂው ያለውን ያጸድቃል፤ በመሆኑም «አልመጣችም?» ለሚለው «አዎ፣ አልመጣችም» ትክክለኛ መልስ ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን ከሚከተለው መልስ አዎንታዊነት ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ ካልመጣች «ኖ፣ ሺ ዲድንት»፣ ከመጣች «የስ፣ ሺ ዲድ» ይባላል። በሁለቱም ርእሶች አማርኛ የሚጠይቀው «ከተናገረው ጋር ተስማማህ ወይ?» የሚለውን ሲሆን፣ እንግሊዝኛ በተጨማሪ «የተስማማህበት ነገር አዎንታዊ ነው ወይስ አሉታዊ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚገኘው የማስተማሪያ ትምህርት ግልጽ ነው። አባባሎቹን በዝርዝር ከማስሸምደድ ይልቅ፣ ተማሪው በመጀመሪያ የሰማው ዓረፍተ ነገር አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑን፣ ቀጥሎ ረዳት ግሱን፣ በመጨረሻም የቃላቱን ቅደም ተከተል እንዲለይ ማለማመድ ይበጃል። ለአሉታዊ ጥያቄ ደግሞ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ብቻ ከማቆም ይልቅ ሙሉ መልስ መስጠት ይገባል፤ በጉባኤ ፊት የሚቆም ተመራማሪ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ቢል መረጃውን እንዳልለወጠ ማንም አይጠራጠርም።