ካህኑስ ለማን ይናገር?

የንስሐ አባት ሲባል የምናስበው የእኛን ሸክም የሚሰማውን ካህን ነው። ካህኑስ ወዴት ይሄዳል? በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ካህንም የራሱ ንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል። የሰው ምስጢር አያወጣም፤ የገዛ ድካሙን ግን ይናገራል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በአብነት ት/ቤት ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል። ኤልሳዕም መጎናጸፊያው ከተጣለበት ቀን ጀምሮ ኤልያስን ተከትሎ አገልግሏል (1ኛ ነገ. 19፥19-21)። በእኛ ጋሞ ደጋ ግን፣ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ቄስ ጋሞኛውን ገና ሳይለምድ በልቅሶ ቤት ብቻውን ሲቆም አይቻለሁ። ዜማው ሙሉ ነበር፤ ልጇን ለቀበረችው እናት የሚላት ግን ጠፋው። በዚያው አገር እንደ ብርብር ማርያም ያሉ ጥንታውያን አድባራት፣ ሕዝቡን በስም የሚያውቁ አረጋውያን ካህናትም አሉን።

እንደ እኔ፣ አዲሱ ቄስ የመጀመሪያውን ዓመት ለቅሶም ሆነ በሽተኛ ጥየቃ ከአንድ አረጋዊ ጋር ቢሄድ ይሻላል። ሲመለሱ በመንገድ ይጨዋወታሉ።