ጠባብ ቤት፣ ሰፊ ትዳር

በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ ቤትና ስለ ትዳር ነው። ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ አንድ ቦታ የሚኖር ቤት አለ። በግመል የሚጫን ቤት አለ። በመኪና የሚጎተት ቤትም አለ። ለሥራ ከአገሩ ለወጣ ሰው ደግሞ ቤቱ ብዙ ጊዜ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ታዲያ ባልና ሚስት እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ሲኖሩ ትዳራቸው እንዳይሻክር ምን ያድርጉ? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸ ነው።

1. ከዱራሜ እስከ ወንጂ

በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ያለው የከምባታ አገር ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ግን ጥቂት ነው። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው የእንሰት ጓሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ከዱራሜም ከሆሳዕናም አካባቢ ብዙ ሰው ሥራ ፍለጋ ወጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በኋላም የመተሐራው ተከተለ። ከከምባታና ከሐዲያ የሄዱ ሰዎች በእነዚህ እርሻዎች አገዳ ቆርጠዋል፣ ቦይ ጠርገዋል፣ በፋብሪካውም ውስጥ ሠርተዋል። በዛሬው ጊዜ ወጣቱ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል።

መንገዱ ይለያይ እንጂ ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ መጀመሪያ የሚገቡበት ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው። እስቲ እንለካው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። አልጋው 2 ሜትር በ1.2 ሜትር ከሆነ 2.4 ካሬ ሜትር ይይዛል። ሳጥኑ፣ የውሃው ጄሪካን፣ ድስቱና የከሰል ማንደጃው ሌላ 2 ካሬ ሜትር ቢወስዱ የሚቀረው 7.6 ካሬ ሜትር ነው። ይህን ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ሲካፈሉት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 1.9 ካሬ ሜትር ነው። ካልጋው ያነሰ ቦታ ማለት ነው።

«የዱራሜ ሣር ቤትስ አንድ ቤት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። የቀድሞው ቤት ክብ ነው፤ ምሰሶው በመካከል ቆሟል፤ ማታ ከብቱም እዚያው ያድራል። ነገር ግን ከበሩ ውጭ ደጅ አለ፣ ጓሮ አለ፣ እንሰት አለ። የተናደደ ሰው እንሰቱ መካከል ገብቶ እየኮተኮተ ንዴቱ ይበርድለታል። በሠራተኛ ካምፕ ወይም በኪራይ ግቢ ግን ከበሩ ሲወጡ የሚያገኙት የጎረቤት በር ነው። ግድግዳውም ስስ ነው። እዚህ የተነገረው እዚያ ይሰማል።

2. ቤታቸውን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች

በአሜሪካ አገር ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ቤት አለ። ተጎታች ቤት እንበለው። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሁሉ በውስጡ ነው። አንዳንድ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው በዚሁ ይኖራሉ። ሌሎች ደግሞ የቤት ኪራይ ስለከበዳቸው ይገቡበታል።

ይህ ዓይነቱ ቤት ወደኛም አገር መጥቶ ያውቃል። ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ የተጎታች ቤት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ከብዙ ሰዎች ጋር ከኬፕታውን ተነሣ። ተጎታች ቤቶቹ 41 ያህል ነበሩ። ጉዟቸው ኢትዮጵያን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1960 ካይሮ ላይ አበቃ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ባልና ሚስት ነበሩ። እንግዲህ አስቡት። ቀን መንገዱ ሲያንገላታ ውሎ፣ ማታ ሁለቱም የሚገቡት እዚያችው አንዲት ክፍል ነው። የሚያኮርፉበት ሌላ ክፍል የለም።

ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ትምህርት ግን ያለው በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ነው። የአፋር ሴቶች ቤታቸውን ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን ይሠሩታል። ሣርና ውሃ ፍለጋ ሲነሡ ያፈርሱታል፤ በግመል ይጭኑታል፤ ከደረሱበት ቦታ መልሰው ይተክሉታል። የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቤቱ የሚስት ነው ተብሎ ይቆጠራል። በእርግጥ ሸክሙ በሴቲቱ ላይ ይበዛል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለት ቁም ነገር እንማርበታለን። አንደኛ፣ ግመል የሚሸከመው የተወሰነ ስለሆነ የማያስፈልግ ዕቃ አይያዝም፤ የተያዘውም እያንዳንዱ ቦታ አለው። ሁለተኛ፣ ማን ምን እንደሚሠራና ምኑ የማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ለመነሣት ሲጣደፉ «ይኸ የኔ ሥራ ነው ወይስ ያንተ?» ተብሎ ጭቅጭቅ አይነሣም።

3. ቃል ግድግዳ ሲሆን

የከምባታ ሰዎችም በአንድ ጓሮ ተቀራርቦ ለመኖር የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። በባህሉ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም የምትተወው፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላትም ትታ በምትካቸው ሌላ ቃል ትናገራለች። ይህ ባሊሻ ይባላል። ዛሬ ብዙ ወጣት ሴቶች ትተውታል። ትልልቆቹ እናቶች ግን ያውቁታል፤ ብንጠይቃቸው ይነግሩናል።

ይህ ልማድ ምን ያስተምረናል? አማትና ምራት በየቀኑ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ግድግዳ ስለሌለ ቃል ግድግዳ ሆነ። የሚባልና የማይባል ነገር ተለየ። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አለው። ጥንቃቄው ሁሉ የተጣለው በሴቷ ላይ ብቻ ነው። ምላሷን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጠባብ ቤት ግን የአንድ ወገን ጥንቃቄ አይበቃውም። ባልም የማይናገረው ቃል ሊኖር ይገባል። ለምሳሌ ያህል የሚስቱን ወላጆች መስደብ፣ ድህነቷን ማንሣት፣ በጎረቤት ፊት ማዋረድ የተከለከለ ይሁን።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸ ነው፦ ሰፊ ቤት በግድግዳው የሚሰጠውን፣ በጠባብ ቤት ያሉ ባልና ሚስት ተነጋግረው በስምምነት መሥራት አለባቸው። ስምምነቱም ከዚህ በታች ባሉት ነገሮች ላይ ቢሆን ይጠቅማል።

4. የሚስማሙባቸው ነገሮች

ሀ. ከመሄድ በፊት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። የት እንደሚኖሩ የሚመርጠውም እሱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውንና የመኖሪያቸውን ቦታ በጋራ እንደሚወስኑ ደነገገ። ስለዚህ ባል «ዕቃሽን አስሪ፣ ነገ እንሄዳለን» ሊል አይገባም። ለስንት ጊዜ እንሄዳለን? ምን ያህል ገንዘብ ስናገኝ እንመለሳለን? ጓሮውን ማን ይጠብቃል? እነዚህን ጥያቄዎች ዱራሜ ሆነው ይመልሱ። ሳይስማማ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ችግር «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይላል።

ለ. ስለ ቦታ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ሰውም ትንሽም ብትሆን የራሱ ቦታ ይኑረው። ለሚስት አንድ የሚቆለፍ ሳጥን፣ ለባል አንድ መስቀያ፣ ለልጆች በመጋረጃ የተለየ መኝታ ሊሆን ይችላል። ማብሰያው ከተቻለ ውጭ ይሁን። በር ዘግቶ ከሰል እያነደዱ መተኛት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጭሱ ባይታይም መርዙ ቤተሰቡን በሙሉ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

ሐ. ስለ ጊዜ። በፋብሪካ ሥራው በፈረቃ ነው። ሌሊት የሠራ ባል ቀን መተኛት አለበት። ሚስት ደግሞ ቀን ማብሰል አለባት፤ ሕፃኑም ያለቅሳል። እዚህ ላይ ማንም አላጠፋም፤ ሰዓታቸው ነው የተጋጨው። «እስከ ስድስት ሰዓት ልጆቹን ይዤ ውጭ እውላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንተ ትይዛቸውና እኔ ገበያ እሄዳለሁ» ብትለውና ቢስማሙ ጠቡ ይቀራል። ሚስትም ፋብሪካ የምትሠራ ከሆነ ውሃ መቅዳትና ልጅ ማጠብ የሁለቱም ተራ ነው።

መ. ስለ ገንዘብ። ባል ለእናቱ ገንዘብ ይልካል እንበል። ሚስት ከሰው ትሰማለች።

«ለእናትህ ላክህ አሉ። የኔ እናትስ ምን በላች?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ!»

ጠቡ የተነሣው ገንዘቡ ስለተላከ አይደለም፤ ተደብቆ ስለተላከ ነው። መፍትሔው ደብተር ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ይጠቅመናል። ለምሳሌ የወሩ ገቢ 5000 ብር ቢሆን እንዲህ ይጻፍ፦ ለኪራይ 1000፣ ለምግብና ለከሰል 2200፣ ለሁለቱም ወላጆች 600፣ ለልጆች ትምህርት 400፣ ለመስቀል በዓል 300፣ ድምር 4500፣ ቀሪ 500 ብር። ደብተሩን ሁለቱም ይጻፉበት፣ ሁለቱም ያንብቡት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በከምባታና በሐዲያ ለመስቀል ባል ለበሬው መዋጮ፣ ሚስት ከጓደኞቿ ጋር ለቅቤው ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ለበዓሉ የሚሠራ ዘዴ ለወሩ ለምን አይሠራም?

ሠ. ስለ ጠብ። ያለ ጠብ የሚኖር ትዳር የለም። በጠባብ ቤት ግን ልጆች አጠገባቸው ናቸው፤ ጎረቤትም ይሰማል። ስለዚህ ንዴት ሲመጣ «ወጣ ብለን እንነጋገር» መባባል ጥሩ ልማድ ነው። በቦዩ ዳር እየሄዱ የሚነጋገሩ ሰዎች ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያልተቋጨ ነገር ካለ ሁለቱም የሚያምኑት ሽማግሌ ይጠራ። ዱላ ግን ከማናቸውም ስምምነት ውጭ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባን ወንጀል አድርጎታል። የተመታች ሴት «ቤቱ ጠቦን ነው» የሚል ምክንያት ልትቀበል አይገባትም።

«ሆድ ካገር ይሰፋል» ይባላል። ነገር ግን ሁሉን በሆድ ይዞ ዝም ማለትም አይበጅም። ሆድ የያዘው አንድ ቀን ይፈነዳል፤ በ12 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ሲፈነዳ ደግሞ መሸሺያ የለም። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ትዳር ከደመወዙ የማይተናነስ ሀብት ነው። ሲታመም የሚያስታምመው፣ አገሩን ሲናፍቅ በቋንቋው የሚያወራው ያ አብሮት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ደብተሩን አውጥተው አብረው ይጀምሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የምትኖሩበትን ክፍል ለኩ። ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ለአንድ ሰውስ ስንት ይደርሳል?
2. ከአፋር ሴቶች የቤት አያያዝ ምን እንማራለን? የትኛውን ነገር ማሻሻል ያስፈልጋል?
3. ባሊሻን የምታውቅ እናት ጠይቁ። ይጠቅማት ነበር ወይስ ይከብዳት ነበር? ለምን?
4. ባልና ሚስት ሆናችሁ የዚህን ወር ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ያልተስማማችሁበት ወጪ የትኛው ነው?