የአህያ ጆሮ በግጦሽ መሬታችሁ ሲበዛ

በጥቅምት መባቻ ከአምቦ ወደ ጉደር ብትሄዱ ሜዳው ቢጫ ነው። አደዩ፣ መጩ፣ ኑጉ፣ ሁሉም ቢጫ ስለሆነ ከሩቅ አይለይም። ጠጋ ስትሉ ግን አንዱ ብቻውን ቆሟል። ከብት ግጦ ግጦ መሬት ባስነካው ሣር መካከል፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ አበባውን ከታች ወደ ላይ የደረደረ። በአማርኛ ቀጠጢና ወይም የአህያ ጆሮ፣ በአፋን ኦሮሞ ጉራ ሐሬ ይባላል። ሁለቱም ቋንቋ አህያን አስታውሶ መሰየሙ ቅጠሉን ላየ ሰው አይደንቅም።

በምዕራብ ሸዋ ቀበሌዎች ስንዞር ስለዚህ ተክል የምንጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «አረም ነው ብለን እንንቀለው ወይስ መድኃኒት ነው ብለን እንተወው?» የእኛ መልስ፣ አጥር ሥር ያለውን ተዉት፣ ሜዳ መካከል ያለውን ንቀሉት ነው። ከመንቀላችሁ በፊት ግን ለምን እንደበዛ እንነጋገር። ተክሉን ነቅሎ ምክንያቱን የተወ ሰው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይነቅላል።

አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ በአውራ ጣታችሁ አሹት። እንደ ጋቢ ይለሰልሳል። ያ ልስላሴ ጥቃቅን ፀጉር ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ እያንዳንዱ ፀጉር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። ለእጅ የሚመቸው ይህ ፀጉር ምላስና ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይኮሰኩሳል። ላም አሽትታው ታልፋለች፣ አህያም ብትሆን እምብዛም አትነካውም። እንግዲህ ሣሩና ማገጡ በየቀኑ እየተጋጠ የማይበላው ተክል ብቻውን ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት ሰፋፊ ቅጠሉን እንደ ምጣድ ክብ አድርጎ መሬት ላይ ይዘረጋና ሥሩ የነበረውን ሣር በጥላው ያፍናል። ከዚያ ወዲያ ነው ግንድ የሚያወጣውና የሚያብበው። ስለዚህ አበባውን በብዛት ካያችሁ ሜዳው የተጎዳው ዘንድሮ አይደለም፣ ቢያንስ ካቻምና ነው።

ሳይንሱ ቬርባስከም ሲናይቲከም ይለዋል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1846 የሰጠው እንግሊዛዊው የዕፅዋት አጥኚ ጆርጅ ቤንታም ሲሆን፣ ሲናይቲከም ያለው በሲና ተራራ ነው። ዘመዶቹ አውሮፓም እስያም ሞልተዋል። ጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የነዚህን ዘመዶቹን ቅጠል ለኩራዝ ክር ያደርጉት፣ ግንዱንም ሞራ አስነክተው እንደ ችቦ ያበሩት ነበር። እኛ ጧፍ ስላለን ለዚህ አላስፈለገንም።

ዘሩ ግን ቀልድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1879 ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ መምህር በሚሽጋን ግዛት የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በ20 ጠርሙስ ቀበረ፣ በየጊዜውም አንድ አንዱ እየተቆፈረ እንዲሞከር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጠርሙስ፣ ማለትም ከ141 ዓመት በኋላ፣ የበቀሉት የቀጠጢና ዘመዶች ብቻ ነበሩ። የዚህ ወገን ዘር ደቃቅ ስለሆነ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ተኝቶ ይጠብቃል። «ሜዳውን አርሼ ላጥፋው» የሚል ሰው የተኛውን ዘር ገልብጦ ወደ ብርሃን ማውጣቱ ነው።

ስለ መድኃኒትነቱ

ከጉደር ማዶ አንዲት እናት ሣር ሲያጭዱ ማጭድ ጣታቸውን ሲቆርጣቸው አጠገባቸው ከነበረው ቀጠጢና ቅጠል ቀንጥሰው፣ በመዳፋቸው ጨምቀው ቁስሉ ላይ ሲያስሩት አይቻለሁ። ደሙ ቆመ። እርሳቸውም ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። ይህ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በብዙ ቦታ የሚታወቅ ጥቅሙ ነው። ለሆድ ቁርጠት ሥሩን የሚያኝኩ አሉ፣ ለከብት በሽታም ሥሩንና ቅጠሉን ወቅጠው በውኃ የሚያጠጡ አሉ።

ለትንሽ ቁስል የሚጠቀመውን ሰው አንከለክልም። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። የታችኛው ቅጠል መሬት ላይ የተኛ ነው፤ ፋንድያና አፈር ነክቶታል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ተዋሲም የሚኖረው እዚያው ነው። ስለዚህ ቁስሉን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ቅጠሉንም ከግንዱ ከፍ ብሎ ካለው ወስዳችሁ እጠቡት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም በሚስማር የተወጋ ከሆነ የቅጠል ነገር ይቅር፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከአስፋልቱ ዳርና ፀረ አረም ከተረጨ የጤፍና የስንዴ ማሳ ጫፍ ቅጠል አትሰብስቡ። ሻይ አድርጎ የሚጠጣ ካለ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ ይጠጣ፣ ፀጉሩ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን አትስጡ። ሕፃኑን የሚጎዳው የፈሳሹ ማለቅ ስለሆነ ከጤና ኬላ ኦአርኤስ ወስዳችሁ አጠጡት።

ተመራማሪዎችም ሳይነኩት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1993 ከቅጠሉ የተገኘ አንድ ንጥረ ነገር በተክሉ ስም ሲናይቲሲን ተብሏል። በአገራችንም የቅጠሉ ጭማቂ የገንዲ ተዋሲ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ተሞክሯል። አይጥ ላይ መሞከሩ ለበሬአችሁ መጠኑ ታውቋል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚህ ተክል የሚታከመው በሽታ ሲጠራ ከሁሉ አስቀድሞ የምንሰማው አባ ሰንጋ ነው። እዚህ ላይ መለሳለስ አንችልም፤ ለአባ ሰንጋ ቀጠጢና አትስጡ። ሥር ሲቆፈር፣ ሲወቀጥ፣ ሲዘፈዘፍ ከብቱም ይሞታል፣ በሽታው ለሰውም ይተርፋል። ማታ ደህና የነበረ ከብት ጠዋት ሞቶ ከተገኘ፣ ሆዱ ቶሎ ከተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ያዙት። ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሆዱን አትክፈቱ፣ ሥጋውን አትከፋፈሉ። ገና ሲከፈት ተዋሲው አየር ያገኝና ዛጎል ለብሶ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ የልጅ ልጆቻችሁ ከብት የሚግጠው እዚያ ላይ ነው። ውሻና አሞራ እንዳይደርስበት ጠብቃችሁ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ባለሙያው በሚያሳያችሁ ቦታ፣ ከወንዝና ከምንጭ ርቆ፣ ሁለት ሜትር በሚያህል ጉድጓድ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሬሳውን የነካ ሰው ክንዱ ወይም ፊቱ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ወጥቶ መሐሉ ከጠቆረ፣ ባያመውም እንኳ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

መከላከያው በየዓመቱ የሚሰጠው ክትባት ነው፤ የሚመረተውም እዚሁ ቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ክረምት ሳይገባ አስከትቡ። በዚያ ሰሞን ሌላ መርፌ የተወጋ ከብት ካለ ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ፣ አንቲባዮቲክ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ለአባ ጎርባም ክትባት አለ፤ እርሱ የሚመርጠው ወፈር ያለውን ወይፈንና ጊደር ስለሆነ «ይህማ ጤነኛ ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀሩ።

ሜዳውን ስለማዳን

ቀጠጢናን ለመንቀል ጥሩው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ፣ አፈሩ ረጥቦ ተክሉ ገና መሬት ላይ እንደተዘረጋ ነው። ሥሩ እንደ ካሮት አንድ ወጥ ነው። ከቅጠሉ መነሻ ወረድ ብላችሁ በዶማ ከቆረጣችሁት አያንሰራራም፤ ከላይ በማጭድ ብቻ ከመታችሁት ግን ከጎኑ ሁለትና ሦስት ግንድ ይልካል። አብቦ ከደረሳችሁበት የቆረጣችሁትን እዚያው አትጣሉት፣ ፍሬው ተቆርጦም ሊበስል ይችላል። ከሜዳው አውጥታችሁ አቃጥሉት። ዘሩ ክንፍ ስለሌለው ነፋስ ሩቅ አይወስደውም፣ አብዛኛው እናቱ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ የበዛውን በጊዜ ብትይዙት ሜዳውን ሁሉ አያዳርስም።

በነቀላችሁበት ባዶ ቦታ ላይ የዴሾ ሣር ግንጣይ ትከሉ ወይም የሮደስ ዘር በትኑ። ከተቻለ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማሳረፍ ነው። ሜዳችሁን ለሁለት ክፈሉና አንዱን ከሰኔ እስከ መስከረም ካሎ አድርጋችሁ አጥሩት። ሳትዘሩት ማገጡ ራሱ ይመለሳል፤ ዘሩ እዚያው ነበር፣ የጠፋው እስኪያብብ የሚታገሠው ሰው ነው። በጥቅምት ሣሩ ማበብ ሲጀምር አጭዳችሁ ከምሩት። ስትከምሩ ቀጠጢና እንዳይቀላቀል፤ ደረቅ ቅጠሉ ሲሰባበር ፀጉሩ ይበንና እናንተንም ከብቱንም ያስነጥሳል። በግንጪ አካባቢ ኮትቻ አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ ሜዳው ውኃ በቋጠረበት ሳምንት ከብት አታስገቡ። ኮቴው የሚተወው ጉድጓድና ባዶ አፈር ለዚህ ዘር የተደላደለ መደብ ነው።

የጋራ ግጦሽ ላይ ይህን ብቻውን የሚሞክር ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ እርሱ ያጠረውን ጎረቤቱ ይግጠዋል። ጉዳዩን ከሰኔ በፊት ለቀበሌው የግጦሽ ተጠቃሚዎች አቅርቡና በየትኛው ወገን እንደምትጀምሩ ተስማሙ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም አብሮ ይቀመጥ።

አጥር ሥር ካለው ደግሞ አምስት ስድስት እግር ተዉ። ለማጭድ ቁስል ይበቃል፣ ንብም ማለዳ ብናኝ ትወስድበታለች። ሥሩን ግን አትቆፍሩት፤ ቅጠል ከግንዱ ላይ ሁለት ሦስት እየቀነጠሳችሁ ተጠቀሙ፣ አበባው ረግፎ ፍሬው መጥቆር ሲጀምርም ጫፉን ቁረጡት።