ሜይ ለምን የማርያም ወር ሆነ?

ጥያቄ፦ ሮም የምሠራ ኢትዮጵያዊት ካቶሊክ ነኝ። እዚህ ሜይ ሲገባ የእመቤታችን ሥዕል በአበባ ያጌጣል፤ ማታ ማታም መቁጠሪያ ይደገማል። ይህ ወር ለምን ተመረጠ? በሥራ ምክንያት ብቀርስ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ልማዱ የምእመናን እንጂ የሥርዓተ ቅዳሴ ድንጋጌ አይደለም፤ ስለዚህ መቅረት ኃጢአት አይሆንም። ወሩ የተመረጠው በአውሮፓ የጸደይና የአበባ ወቅት ስለሆነ ነው። ልማዱ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን ሲሆን፣ በተለይ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ደክመውበታል። ከእነርሱ አንዱ አኒባሌ ዲዮኒሲ እ.ኤ.አ. በ1725 ፓርማ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ጸሎቱ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ቤትና የሥራ ቦታም እንዲደረስ ያበረታታ ነበር። እርስዎን የሚጠቅመው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ «ሜንሴ ማዮ» በተባለው መልእክታቸው በዚህ ወር ስለ ሰላም እንዲጸለይ አሳስበዋል።

የኛ ልደታ፣ ግንቦት 1፣ ሜይ 9 ትውላለች፤ ግጥምጥሞሹ ደስ ቢልም የሁለቱ ምንጭ ለየቅል ነው።

ጊዜ ለሚያጥረው ሰው በቀን ከመቁጠሪያው አንድ ምሥጢር፣ ማለትም አንድ «አባታችን ሆይ» እና አሥር «ጸጋን የተሞላሽ»፣ ማድረስ ይበቃል። አብዛኛው ሜይ የትንሣኤ ወቅት ስለሆነ የክብር ምሥጢራት ይስማማሉ። ስእለት ካለብዎት ወይም ጉዳዩ ሕሊናዎን የሚያስጨንቅ ከሆነ ግን የቁምስናዎን ካህን ያነጋግሩ።